መቶ ሊትር ኮምፕሬሰርና ኢምፓክት፣ አንድ ክረምት ካለፈባቸው በኋላ

ደብረ ብርሃን ላይ ጎሚስታ አለኝ፣ ሰፊ አይደለችም፣ ሁለት መኪና ከገባ ሦስተኛው አስፋልት ዳር ነው ተራ የሚጠብቀው። አምና ሚያዝያ ላይ መርካቶ ሄጄ ባለ 100 ሊትር ኮምፕሬሰር፣ ባለ ግማሽ ኢንች የአየር ኢምፓክት (የጎማ ብሎን እየደበደበ የሚፈታው)፣ አቧራ መንፊያና 15 ሜትር ቱቦ አንድ ላይ "ፉል ሴት ነው ወንድሜ፣ ነገውኑ ሥራ ትጀምራለህ" ተብዬ ገዛሁ። ከዛ ወዲህ ጎሚስታ ሊከፍት ያሰበ ልጅ ሁሉ እየመጣ "እንዴት ነው ማሽኑ?" ይለኛል፣ እኔም "ደህና ነው" እያልኩ ሸኝቻለሁ፣ ግን እንደዛ ብሎ ማለፍ ትንሽ ሀሰት አለበት ምክንያቱም ማሽኑ ደህና የሆነው እኔ ሁለት ሦስቴ ከከሰርኩና ረዳቴ አንዴ ከተመታ በኋላ ነው። ስለዚ ረዘም አርጌ ልጻፈው።

የማሽኑን ስም አልጠራም፣ ብጠራውም አይጠቅማችሁም። ያው ማሽን ሰማያዊ ሲቀባ አንድ ስም ብርቱካናማ ሲቀባ ሌላ ስም ይለጠፍበታል፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ሦስቱን ጎን ለጎን አቁመው አይቻለሁ፣ ቴስታቸው፣ ማለት የፒስቶኑ ክዳን፣ እንኳን አንድ ነው። ዋጋም አልጽፍም፣ እናንተ እስክትሄዱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ፉል ሴት የተባለው ነገር ቤት መጥቶ ሲፈታ ምን ምን የለውም መሰላችሁ፣ የውሃ ማጥመጃ ፊልትር የለውም፣ ግፊት መቀነሻ ሬጉሌተር የለውም፣ የኢምፓክት ዘይት የለም፣ መነጽር የለም። ያለው ምንድነው፣ የሚያብረቀርቅ የቡሶላ (ብሎን ላይ የሚገባው የቁልፍ ራስ) ሴት በፕላስቲክ ሳጥን፣ አምሮ። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ ምክንያቱም ትልቁ ወጥመድ እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ። ወረቀቱ ላይ 170 ሊትር በደቂቃ ይላል። 100 ሊትሩን ታንከር ከባዶ እስከ 8 ባር ግፊት ለመሙላት 800 ሊትር አየር ነው የሚያስፈልገው ስለዚ በሻጩ ሒሳብ አምስት ደቂቃ እንኳን አይፈጅም። እኔ በስልኬ ሰዓት ስይዘው አሥር ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ ወሰደ። ተጭበረበርኩ ብዬ ደወልኩ፣ ሰውዬው "አዲስ ስለሆነ ነው ይላመዳል" አለኝ። አልተላመደም፣ የሚላመድም ነገር አይደለም።

ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛ ያ 170 ፒስቶኑ የሚጠርገው መጠን ነው እንጂ በቱቦው ጫፍ የሚወጣው አይደለም፣ በእንደዚህ አይነት ማሽን የሚወጣው ከዛ ሲሶውን ያህል ቀንሳችሁ አስቡት። ሁለተኛው ደሞ ከፍታው። እኔ ጎሚስታ የተማርኩት መተሐራ ነው፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ፣ እዛ ከባህር ወለል አንድ ሺህ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ከዚህኛው ያረጀና ያነሰ ኮምፕሬሰር ነበረን ግን ቶሎ ይሞላ ነበር፣ ያኔ ማሽኑ ጎበዝ ይመስለኝ ነበር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ አየሩ 1 ባር ገደማ ይጫናል፣ እዚህ ከ0.7 ብዙም አያልፍም። ማለት ፒስቶኑ አንዴ ሲስብ የሚያገኘው አየር ሰላሳ በመቶ ያህል ስስ ነው፣ 800 ሊትር የነበረው ሥራ እኛ ጋ 1,100 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። አዲስ አበባ ያላችሁም ብዙ አትሳቁብን እናንተም ሩብ ያህሉን ታጣላችሁ። ይሄን ሻጭ አይነግራችሁም፣ ሳጥኑ ላይም አልተጻፈም፣ የተሠራበት አገር ሜዳ ላይ የተለካ ቁጥር ነው። ምክሬ፣ ደጋ ላይ ከሆናችሁ ከምታስቡት አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ግዙ፣ በተለይ ግራይንደር ወይ ቀለም መርጫ ልታያይዙበት ካሰባችሁ፣ ኢምፓክት እኮ ብሎን ፈታ አርጋ ታርፋለች፣ የአየር ግራይንደር ግን ሳያቋርጥ ነው የሚጠጣው፣ መቶ ሊትሩ አይበቃውም።

ከሁሉ በላይ ግን ስስ አየር ማለት ብዙ መሮጥ ነው፣ ብዙ መሮጥ ማለት ደግሞ ሙቀት ነው። የኔ ሞተር ሳያርፍ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ቴስታው ላይ ውሃ ብትረጩበት ይጮሃል። አሁን አስቤበት ነው የማሠራው፣ ጎማ ብዙ ሲደራረብ መሃል ላይ አሳርፈዋለሁ። ኤሌክትሪኩም እንደዛው፣ እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራት ይወርዳል፣ ሞተሩ ለመነሳት "ምምምም" ካለና ካልዞረ ወዲያው አጥፉት፣ አንዴ ችላ ብዬ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ተቃጠለ። በቀጭን ማራዘሚያና በዲቫይደር መሰካት ጭራሽ አይታሰብም። ርቀት ካስፈለገ የአየር ቱቦውን አስረዝሙ እንጂ የመብራት ገመዱን አታስረዝሙ። እና ጠዋት ጠዋት፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የኛን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፣ ስለዚ የታንከሩን ማፍሰሻ ክፍት አርጌ ሁለት ደቂቃ ያለ ጭነት አዞረዋለሁ ከዛ ነው የምዘጋው። እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ቀን አልነሳም አላለኝም።

አሁን ወደ ውሃው።

ኮምፕሬሰር ውሃ ይሠራል። ይሄን መተሐራ እያለሁ ማንም አልነገረኝም፣ በረሃ ስለሆነም ይሆናል። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲታመቅ መቆያ ያጣል፣ ታንከሩ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ ብሎ ከሥር ይጠራቀማል። ሐምሌ ላይ ጉም መሬት ላይ ተኝቶ በሚውልበት ሳምንት ሁለት ቀን ሳላፈስ ቆይቼ በሦስተኛው ቀን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቆርጬ ከሥር ደቅኜ ከፈትኩት፣ ሞላ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ የመሰለ ይወጣል፣ ከዛ ያንጠፈጥፋል፣ ከዛ የዝገት ውሃ፣ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ ነው የሚመስለው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የዘይት ቀስተ ደመና። ይሄ ሁሉ ባላፈስ ኖሮ የት ነበር የሚሄደው፣ ግማሹ ታንከሩን ከውስጥ ይበላል፣ ግማሹ በቱቦ ሄዶ ኢምፓክቷ ውስጥ ይገባል፣ የቀረው ሰው ጎማ ውስጥ።

ማፍሰሻው ያለው ከታንከሩ ሆድ ሥር ነው፣ ለማግኘት ተንበርክካችሁ ነው፣ በዛ ላይ ጥርሷ ያለቀ የቢራቢሮ ብሎን ነገር ነች፣ ስለዚ ማንም ረዳት አይነካውም። እኔ አውጥቼ ጣልኩትና አጭር ቧንቧ ቀጥዬ በጎን በኩል በእግር እንኳን የሚከፈት መክፈቻ ገጠምኩበት። ከዚህ ማሽን ላይ ካደረግኩት ነገር ሁሉ በትንሽ ብር ብዙ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ማታ ሥራ ስንጨርስ ግፊቱን ወደ 2 ባር አውርደን እንከፍተዋለን፣ ክፍት ሆኖ ያድራል።

ኢምፓክቷን የገደልኳት ነሐሴ ላይ ነው። ፍልሰታን ሀገር ቤት ሄጄ አራት ቀን ዘግቼ ተመለስኩ፣ አይሱዙ ቆሟል፣ ቀጠልኳት፣ ተጫንኳት፣ ፍሽሽሽ... አየሩ በሷ በኩል አልፎ ይሄዳል እንጂ አትዞርም። በመዶሻ እጀታ ቀስ አርጌ ነካ ነካ አደረግኳት፣ ሩብ ዙር ዞራ ቆመች። ባለ አይሱዙው ጋሼ ወገባቸውን ይዘው "ልጄ፣ በእጅህ ፍታው እኔ ሰላሌ መድረስ አለብኝ" አሉኝ፣ በእጅ ፈታሁት።

ማታ ከኋላዋ ያሉትን አራት ብሎን በአለን ቁልፍ ፈትቼ ከፈትኳት። ለማያውቅ ሰው፣ ውስጧ ማርሽ ምናምን የለም፣ አንድ ወፍራም ሮተር ነው፣ ዙሪያውን ስድስት ስንጥቅ አለው፣ በየስንጥቁ ውስጥ የፀጉር ማበጠሪያ ጥርስ ሳይኖረው የሚመስል ስስ ጠፍጣፋ ምላጭ አለ፣ ብረት አይደለም፣ የታመቀ ጨርቅ ይመስላል። አየር ሲገባ እነዚህ ምላጮች ወደ ውጪ ተወርውረው ግድግዳውን ታከው ነው የሚያዞሩት። የኔዎቹ ስድስቱም ስንጥቃቸው ውስጥ ተጣብቀዋል፣ ዙሪያቸውን የቡና አተላ የመሰለ ጭቃ፣ ዝገትና የደረቀ ዘይት ተላቁጦ። በካቻቢቴ ጫፍ ሳወጣቸው አንዱ ጥጉ ተሰበረ። በነጭ ጋዝ አጠብኩ፣ በጨርቅ አደረቅኩ፣ ኩሽኔታው ደግነቱ አልተነካም፣ ቀለል ያለ ዘይት ቀብቼ ገጠምኩ፣ ዞረች። ግን በአምስት ምላጭ ተኩል የምትዞር ኢምፓክት እንደ ድሮዋ አይደለችም።

ጥፋቱ የማሽኑ ነው ልል አልችልም፣ የኔ ነው፣ ዘይት አልሰጠኋትም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው መመሪያ ቻይንኛና እንግሊዝኛ ነው ፊደሉ ደግሞ የጤፍ ፍሬ ያክላል፣ ቢሆንም ተጽፏል፣ በየቀኑ አራት አምስት ጠብታ በአየር መግቢያዋ። አሁን ከመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ገዝቼ ያለ መርፌ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ጠዋት አራት ጠብታ፣ ብዙ ከሠራን ከምሳ በኋላ ሌላ አራት፣ ማታ ከመስቀሌ በፊት ደግሞ ጠብ አርጌ ሁለት ሦስት ሰከንድ አዞራታለሁ ውስጧን እንዲለብስ። መጀመሪያ ስትዞር በጭስ ማውጫዋ ዘይት ትተፋለች፣ ፊታችሁ ላይ እንዳታደርጉት፣ የደንበኛ መኪና ቀለም ላይም።

የዘይቱ አይነት ላይ ስንት ነገር ሰማሁ መሰላችሁ። አንዱ የሞተር ዘይት ጨምርበት ይላል፣ ወፍራም ነው፣ በኛ ብርድ ምላጮቹን ያጣብቃል እንጂ አያላላም። አንዱ ደሞ የፍሬን ዘይት አለኝ፣ ኧረ በእግዜር፣ የፍሬን ዘይት የጎማ ማሸጊያውን ሁሉ ያሳብጠዋል። ለአየር መሣሪያ ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ዘይት አለ፣ መርካቶ ከፈለጋችሁ ይገኛል፣ አንድ ጠርሙስ ለዓመት ይተርፋል። ፊት ለፊት ያለው መዶሻዋ፣ ማለት ሮተሩ እያዞረው የሚደበድበው ክፍል፣ ደግሞ ዘይት አይበቃውም ግሪስ ነው የሚፈልገው፣ እኔ በየሦስት ወሩ ከፍቼ እቀባዋለሁ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፣ መስመሩ ላይ ዘይት የሚያንጠባጥብ ዕቃ ገጥማችሁ በዛው ቱቦ ጎማ አትንፉ፣ ቀለምም አትርጩ፣ ዘይት ጎማን ከውስጥ ይጎዳል፣ ቀለሙ ላይ ደግሞ ዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ያወጣል። እኔ ለዚህ ብዬ ነው በሲሪንጅ የቀረሁት።

መተሐራ እያለሁ አለቃዬ አንዲት ኢንገርሶል ራንድ 231 የምትባል ኢምፓክት ነበረችው፣ እኔ ሳልወለድ የተገዛች ነች ይል ነበር፣ ቀለሟ ሙልጭ ብሎ አልቆ ብረቱ ብቻ የቀረ፣ እሷን ማንም አይነካትም፣ ማታ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ ይዟት ይሄድ ነበር። ያኔ ስስት ይመስለኝ ነበር።

ቱቦው። አንድ ኮከብ የሚሰጠው ነገር ቢኖር እሱም ይበዛበታል። ውስጡ 8 ሚሊ ነው፣ ለጎማ መንፊያ ይሆናል ለግማሽ ኢንች ኢምፓክት ግን ያንቃታል። ይሄን ያወቅኩት ኢምፓክቷ መግቢያ ጋ ጌጅ ገጥሜ ነው፣ ሳልጫናት 6.2 ባር ይላል፣ ስጫናት 4 ገባ። መሣሪያዋ የተሠራችው ለ90 ፒኤስአይ ማለት ለ6.2 ባር ነው፣ እሱም እየሠራች እያለ የሚለካ። ሰዉ ምን ያደርጋል፣ ጉልበት ሲያንሳት ሬጉሌተሩን 8 ላይ 9 ላይ ይሰቅለዋል፣ እና ያለ ጭነት ስትዞር ከልክ በላይ ትከንፋለች መዶሻዋም ቶሎ ይሰበራል። መፍትሔው ቱቦ መቀየር ነው፣ ውስጡ 10 ሚሊ የሆነ ገዛሁ፣ በፈጣን ማጋጠሚያዎቹም ሰፋ ሰፋ ያሉትን፣ እና ግፊቱን ሳልነካ አዲስ ኢምፓክት የገዛሁ መሰለኝ።

ግን ቱቦውን የቀየርኩት ለጉልበት ብዬ አይደለም። ከፋብሪካ የመጣው ቱቦ ጫፉ ላይ ያለው ማሰሪያ ፋሸታ (በብሎን የሚጠብቅ የብረት ቀበቶ) አልነበረም፣ የተጠማዘዘ ሽቦ ነገር ነበር። መስከረም ላይ፣ መስቀል ሰሞን፣ ሥራ ግርግር ያለ ቀን፣ 8 ባር ሞልቶ እያለ ከማጋጠሚያው ፉት ብሎ ወጣ። ቱቦው ሕይወት ያለው ይመስል ነበር፣ ወለሉ ላይ ይገረፋል፣ ግድግዳ ይመታል፣ ጫፉ ላይ ያለው የናስ ማጋጠሚያ ረዳቴን ቅንድቡ ላይ አገኘው። መነጽር አርጎ ነበር። መነጽሩ ተሰንጥቆ ለሁለት ሆነ፣ ቅንድቡ ሦስት ስፌት ተሰፋ፣ ዓይኑ ተረፈ። መነጽሩን ያስደረግኩት ከዛ በፊት በነበረው ሳምንት ነው፣ ለዛውም ሲያላግጥ ነበር "ጋሼ ፀሐይ የለም እኮ" እያለ።

እንደዛ ሲሆን ቱቦውን ለመያዝ አትሩጡ። እኔ ሮጬ ነበር፣ ሞኝነት ነው። ታንከሩ ላይ ያለውን መዝጊያ ነው መዝጋት፣ ስለዚ መዝጊያው ከሰው መመላለሻ ራቅ ብሎ እጅ ቶሎ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። አሁን በየማጋጠሚያው ሁለት ሁለት ፋሸታ፣ ከዛም በላይ ቱቦውን ከቱቦ ጋር የሚያስር አጭር የብረት ገመድ አለ፣ ቢወልቅ እንኳን አይገረፍም፣ ትልልቅ የመንገድ ሥራ ኮምፕሬሰሮች ላይ አይታችሁታል። ኢምፓክቷን ስፈታም ሆነ ቡሶላ ስቀይር መጀመሪያ አየር ዘግቼ፣ ማስፈንጠሪያዋን ተጭኜ ውስጥ የቀረውን አስተንፍሼ፣ ከዛ ነው የምነካት። በቱቦው አንጠልጥሎ መሸከምም የለም።

ወደዛ የሚያምር ቡሶላ ስመለስ። የሚያብረቀርቀው ክሮም የእጅ ቁልፍ ነው፣ ጠንካራ ነው ግን ተሰባሪ ነው፣ ኢምፓክት ሲደበድበው አንድ ቀን ይፈነዳና እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይበተናል። ለኢምፓክት የሚሆነው ጥቁሩ ነው፣ ግድግዳው ወፈር ያለ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን። ከኢምፓክት ጋር በአንድ ሳጥን አድርጎ ክሮም ቡሶላ መሸጥ ለኔ ማታለል ሳይሆን ወንጀል ነው፣ ገዢው የተፈቀደለት ነው የሚመስለው እኮ። የኔ 21 ቁጥሯ ተሰንጥቃ አገኘኋትና ሳጥኑን በሙሉ ለእጅ ሥራ አስቀመጥኩት።

ብሎን ማጥበቅ ላይ ደሞ ራሴን ልክሰስ። ኢምፓክቷ ሳጥኗ ላይ የማዞር ጉልበቷን 550 ኒውተን ሜትር ይላል፣ ቪትዝና ኮሮላ የጎማ ብሎናቸው የሚፈልገው 103 ነው። መጀመሪያ ሰሞን "ድድድድ" የሚለው ድምፅ ደስ ስለሚለኝ ደንበኛውም ጠበቀልኝ ብሎ ስለሚረካ እስኪበቃት አጠብቅ ነበር። አንዲት ቪትዝ የምትነዳ እህት መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባት በራሷ ቁልፍ ልትፈታ ብትረግጠው ብትዘልበት እምቢ አላት፣ ሰው ሲረዳት አንዱ ብሎን ከነአንገቱ ተቆረጠ። መጥታ "ወንድሜ ብየዳ ነው ወይስ ማጥበቅ የከፈልኩህ?" አለችኝ፣ ምን ልበላት፣ በነፃ ቀየርኩላት። አሁን በኢምፓክት መፍታት ብቻ ነው፣ ለመግጠም በእጅ አስይዤ ኢምፓክቷን በዝቅተኛው ለአፍታ ነካ አርጌ መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ፣ ማለት ጥብቀቱን በሚለካው፣ መኪናው ከክሪክ ወርዶ። ቶርክ ቁልፍ ውድ ነው ካላችሁ በእጅ ቁልፍ ይጠበቅ፣ የሰው ክንድ ይሻላል።

ታንከሩ ላይ ትንሽ ልበል። 100 ሊትር በ8 ባር ሲሞላ ውስጡ ያለው ጉልበት አንድ ቶን ቪትዝ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትበር ከያዘችው ጋር ይቀራረባል፣ ሒሳቡን ፊዚክስ አስተማሪ ከሆነ ደንበኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ሠርተነዋል። እሱን አቅፎ የያዘው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው፣ እሱን ደግሞ ያ ሻይ የመሰለ ውሃ ከሥር ይበላዋል። ስለዚ ሴፍቲ ቫልቩን፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰውን፣ በሳምንት አንዴ ቀለበቷን ስቤ እሞክራለሁ፣ መጮህ አለባት፣ ስለቅ መዝጋት አለባት። የኔ ኦቶማቲኩ፣ ሞተሩን በግፊቱ ልክ የሚያጠፋና የሚያስነሳው፣ 8 ላይ ያጠፋል ከ6 ትንሽ ዝቅ ሲል ያስነሳል፣ ሲያጠፋ "ፅስስ" ማለት አለበት፣ ያን ድምፅ ካጣችሁት ሞተሩ ቀጥሎ ሲነሳ ከነጭነቱ ነው የሚነሳው። አንድ ቦታ ሴፍቲ ቫልቭ ያፈሳል ተብሎ ተነቅሎ በብሎን የተደፈነ ታንከር አይቻለሁ፣ ሻይ እንድጠጣ ጋብዘውኝ ነበር፣ አልቆየሁም። ታንከር ከበሳ ደግሞ ብየዳ ቤት አይወሰድም፣ የተበሳበት ብቻ አይደለም የሳሳው። መመርመር ከፈለጋችሁ በውሃ ተሞልቶ ነው የሚፈተሸው፣ በውሃ የተሞላ ቢቀደድ ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም።

ባለ ቀለበት ቸርኬ፣ ጎማውን በሚነቀል የብረት ቀለበት የሚይዘው፣ የአይሱዙና የድሮ ከባድ መኪና፣ ያው የታወቀ ነው፣ ሳይተነፍስ አይፈታም፣ ከብረት ሳጥን ውጪ አይነፋም፣ ፊት ለፊቱ አይቆምም። እኔ ጋ ሳጥኑ ገና ስላልተሠራ አልቀበልም፣ ወደ ታች ያሉት ጋ እልካቸዋለሁ፣ ገንዘብ ነው ያጣሁት፣ ይሁን።

አቧራ መንፊያዋ ጥሩ ናት፣ ችግሩ እሷ ሳትሆን ሰዉ ነው። ረዳት ሁሉ ማታ ልብሱን በሷ ነው የሚያራግፈው። ቆዳ ላይ ቁስል ካለ አየር ከሥር ይገባል፣ ዓይንና ጆሮ ላይማ ባናወራው ይሻላል፣ በጨዋታ ጓደኛ ላይ እየደገኑ ሰው የሞተበት ነገር ነው። አሜሪካኖቹ ኦሻ በሚባለው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤታቸው ደንብ ለማጽዳት ከ30 ፒኤስአይ በላይ አይፈቅዱም፣ 2 ባር ማለት ነው፣ እሱም ለዕቃ እንጂ ለሰው አይደለም። እኔ ጋ ለመንፊያዋ ለብቻዋ ትንሽ ሬጉሌተር ገጥሜ 2 ላይ አስሬዋለሁ፣ ልጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ "ትንፋሽ የላትም" ብለው።

ጆሮ። ስልኬ ላይ ባለ አፕ ኢምፓክቷን ስለካ 102 ዴሲቤል አለኝ፣ አፑን ብዙም አላምነውም ግን መተሐራ ያለው አለቃዬ ዛሬ ስደውልለት ሦስቴ ነው "ማን?" የሚለው። በአሜሪካው የጤና ተቋም በናዮሽ ልክ 100 ዴሲቤል ላይ ያለ መከላከያ የሚፈቀደው በቀን 15 ደቂቃ ነው። የጆሮ መድፈኛ ከሻይና ከዳቦ ያነሰ ዋጋ ነው። በዛ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 መከላከያ የሚያቀርበው አሠሪው ነው ይላል፣ ስለዚ ረዳት ያላችሁ "እሱ አልፈልግም አለኝ" አይሠራም።

ስለ ሱቁ አገልግሎት ሲጠየቅ፣ ዋስትና አለው ብለውኝ ነበር፣ ካፓሲተሩ ሲቃጠል ደውዬ "ከሱቅ ከወጣ በኋላ የመብራት ጉዳይ አይመለከተንም" ተባልኩ፣ ምናልባት እውነታቸውን ነው። ቺንጋው በአራተኛው ወር ላልቶ ነበር አጠበቅኩት፣ በጣት ስጫነው አንድ ሴንቲ ያህል ይረግባል። የአየር መሳቢያ ስፖንጁን በየሳምንቱ አራግፋለሁ። የኮምፕሬሰሩን ዘይት ከመጀመሪያው ወር በኋላ ቀየርኩ፣ ብር የመሰለ ዱቄት ነበረው፣ ሁለተኛው ንጹህ ወጣ።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ኮምፕሬሰሩ ከአምስት ሦስት ተኩል፣ ኢምፓክቷ ሦስት፣ መንፊያዋ አራት፣ ቱቦው ዜሮ፣ ቡሶላው ከዜሮ በታች። ልጅ ሆኜ እንደገና ብገዛ ፉል ሴት አልገዛም፣ ኮምፕሬሰሩን ለብቻ፣ ከዛ በተረፈው ፊልትር ከነሬጉሌተሩ፣ 10 ሚሊ ቱቦ፣ ጥቁር ቡሶላ 17፣ 19፣ 21፣ ሁለት መነጽር፣ ኢምፓክቷን በመጨረሻ።

ለኢምፓክቷ ምላጭ ፍለጋ ባለፈው ሳምንት መርካቶ ተመልሼ ነበር። አራት ሱቅ ዞርኩ፣ ሦስቱ አዲስ ኢምፓክት ሊሸጡልኝ ነው የፈለጉት፣ አራተኛው ሽማግሌ ናቸው፣ "አሮጌውን ይዘሃል?" አሉኝ፣ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ በጥፍራቸው ውፍረቱን ለክተው ከመሳቢያ ስድስት አውጥተው ቆጠሩልኝ። ስለዚ ስትሄዱ የሞዴል ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ አሮጌዋን ምላጭም በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ብቻ አትቀይሩ ስድስቱንም ነው።